አንቴናው ሳይወርድ፦ ለአናሎግ ቴሌቪዥን የሚገባው ስንብት

(ጎንደር ላይ በአንድ የምሽት ውይይት የቀረበ ንግግር፣ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የተጻፈ)

እንደምን አመሻችሁ። በዚህ ብርድ ከቤት ወጥታችሁ ስለ ቴሌቪዥን ማሰራጫ ለመስማት መምጣታችሁ ደስ ብሎኛል።

ዛሬ የማወራው ስለ ስንብት ነው። አንድ የሕዝብ ቴሌቪዥን ጣቢያ ለዓመታት በአየር ላይ ሲልከው የኖረውን አናሎግ ሞገድ አጥፍቶ ወደ ዲጂታል ሲሻገር ተመልካቹን እንዴት ነው የሚሰናበተው? ጥያቄው የመሐንዲሶች ብቻ ይመስላል። እኔ ግን የሕዝብ ጣቢያ በእውነት የሕዝብ መሆኑ የሚፈተነው በዚያች ቀን ነው ባይ ነኝ። ጣቢያ ሲከፈት ሁሉም ያጨበጭባል። አሮጌው ማሰራጫ ሲዘጋ ግን ማን እንደታሰበ፣ ማን እንደተረሳ ይታያል።

ከመክፈቻው ልጀምር። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረው ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ዘውድ የጫኑበት 34ኛ ዓመት የሚከበርበት ቀን ነበር። ስቱዲዮው አዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ሕንፃ ውስጥ ነበር። በማቋቋሙ ሥራ ያገዘው ቶምሰን የተባለ የእንግሊዝ ኩባንያ ነው። ምስሉ ጥቁርና ነጭ ነበር፣ የሚደርሰውም ለአዲስ አበባና ለአካባቢዋ ብቻ። ቀለም የመጣው 20 ዓመት ያህል ቆይቶ፣ በ1977 ዓ.ም. መግቢያ የአብዮቱ 10ኛ ዓመት ሲከበር ነው። ክፍለ ሀገር የምንኖር ሰዎች ዘግይተን ነው የደረስንበት። ሞገዱ ከተራራ ተራራ እየተቀባበለ እስኪመጣ ድረስ ጊዜ ወስዷል።

እዚህ ካላችሁት ውስጥ ፀጉራችሁ የሸበተ በደንብ ታስታውሳላችሁ። ቴሌቪዥን ያለው ቤት የሰፈሩ ሁሉ ቤት ነበር። ዕቃው ራሱ በር ባለው የእንጨት ሳጥን ውስጥ ይቀመጣል፣ ላዩ ላይ ዳንቴል ይለብሳል። አባባ ተስፋዬ ለልጆች ተረት የሚነግሩበት ሰዓት ሲደርስ ወለሉ በሕፃናት ይሞላል። ተስፋዬ ሣህሉ ያን ዝግጅት ከ40 ዓመት በላይ መርተውታል። አባትም ልጅም አንድ ሰው ፊት ቁጭ ብለው አደጉ ማለት ነው። ማታ 2 ሰዓት ዜና ሲጀምር ደግሞ ትልልቆቹ ይገባሉ፣ እኛ ልጆቹ ወደ ጥግ እንገፋለን።

አናሎግ እንዴት እንደሚሠራ ትንሽ ልንገራችሁ። ይህ ካልገባን የሚጠፋው ምን እንደሆነ አይገባንም።

የእኛ አናሎግ ቴሌቪዥን ምስሉን በ625 አግድም መስመር ይከፍለዋል። በሰከንድ 25 ሙሉ ምስል ይልካል። የሞገዱ ጉልበት ከፍ ዝቅ ሲል መስመሩ ላይ ያለው ነጥብ ይፈካል ወይም ይጠቁራል። ድምፁ ደግሞ ለብቻው በሌላ ሞገድ ጎን ለጎን ይጓዛል። ይህቺን ነገር ያዙልኝ። ድምፁ ለብቻው ነው። ስለዚህ ርቀትና ተራራ ምስሉን ሲያደክመው ምስሉ ቀስ እያለ ይጎዳል እንጂ በአንዴ ድርግም አይልም። ነጠብጣብ ይበዛበታል፣ ይደበዝዛል፣ ይንቀጠቀጣል። ምስሉ ጨርሶ ከጠፋ በኋላም ድምፁ ብዙ ጊዜ ይሰማል።

ሲድኒ ኦሎምፒክን አስታውሱ። መስከረም 15 ቀን 1993 ዓ.ም.፣ ለደመራ አንድ ቀን ሲቀረው። በእኛ አቆጣጠር ቀትር አካባቢ ነበር። የ10 ሺህ ሜትር የመጨረሻው ዙር፣ ኃይሌ ገብረ ሥላሴና ኬንያዊው ፖል ቴርጋት። ኃይሌ የቀደመው በ0.09 ሰከንድ ነው። አስቡት፣ በሰከንድ 25 ምስል ከተላከ አንዱ ምስል የሚቆየው 0.04 ሰከንድ ነው። የኢትዮጵያ ወርቅ የተለየው በሁለት ምስል ከሩብ ነበር! እኛ ሰፈር ቴሌቪዥኑ በደንብ አይስብም ነበር። መጨረሻው ላይ የታየን ሁለት ጥላ ጎን ለጎን ሲሮጥ ነው። ማን እንደገባ ያወቅነው በጋዜጠኛው ጩኸት ነው። ቤቱ ግን እኩል ነው የጨፈረው። ደካማ ሞገድ የደረሰው ቤትም ደስታው ደርሶታል።

አንቴናውንም ማንሳት አለብኝ። ረዥም ባሕር ዛፍ ጫፍ ላይ የታሰረ፣ የዓሣ አጥንት የሚመስል ብረት። ያን ቅርፅ የፈጠሩት ሺንታሮ ኡዳና ሂዴትሱጉ ያጊ የሚባሉ የጃፓን ሰዎች ናቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1926። ከቸቸላ እስከ ሳሙና በር ቆርቆሮው ሁሉ ላይ የእነሱ ሐሳብ ቆሞ ነበር። ነፋስ ሲያዞረው ከቤቱ ልጆች አንዱ ጣሪያ ላይ ይወጣል፣ አንዱ መስኮት ላይ ይቆማል፣ አንዱ ቴሌቪዥኑ ፊት ይቀመጣል።

«መጣ?»

«አልመጣም!»

«አሁንስ?»

«ድምፁ መጣ! ትንሽ ወደ አዘዞ አዙረው!»

«እንዲህ?»

«እዛው! እዛው! እንዳትነካው!»

ያ ልጅ ሳያውቀው የሬዲዮ ሞገድ ትምህርት እየተማረ ነበር። ማሰራጫው በየት በኩል እንዳለ፣ ከኋላው ያለው ኮረብታ ሞገዱን አንጥሮ እንዴት ሁለት ምስል እንደሚፈጥር፣ ዝናብ የነካው ሽቦ ምን እንደሚያደርግ ያውቃል። ከእነዚያ ልጆች ጥቂት የማይባሉት በኋላ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ጠጋኝ ሆነዋል። አንዳንዶቹ ዛሬ እዚህ አዳራሽ አሉ፣ አየኋችሁ።

ጣቢያ በሌለበት ቻናል ላይ ስናዞረው የሚመጣው «ሽሽሽ» የሚለው ድምፅና የሚንጫጫው ነጠብጣብ ምን እንደነበርም ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም እኔ ስሰማው ደንግጫለሁ። አብዛኛው ከራሱ ከቴሌቪዥኑና ከአካባቢው የሚመጣ ረብሻ ነው። ትንሽ እጁ ግን ከሕዋ የሚመጣ ነው፤ ዓለም ስትፈጠር ከነበረው ሙቀት የተረፈ ጨረር። ይህን ጨረር ሳይፈልጉት ያገኙት አርኖ ፔንዚያስና ሮበርት ዊልሰን የተባሉ አሜሪካ ውስጥ የሚሠሩ ሁለት ተመራማሪዎች ናቸው። አንቴናቸው ውስጥ አልጠፋ ያለ ረብሻ ሲያስቸግራቸው እ.ኤ.አ. 1964 ነበር። የእኛ ቴሌቪዥን በተከፈተበት ዓመት! እ.ኤ.አ. በ1978 የኖቤል ሽልማት አግኝተውበታል። እናቶቻችን «ኧረ አጥፉት፣ ጆሮዬን!» ሲሉት የነበረው ጫጫታ ውስጥ ይህ ሁሉ ነበረበት። ዲጂታል መቀበያ ግን ረብሻውን አጣርቶ ይጥለዋል፣ ጣቢያ ከሌለ ጥቁር ስክሪን ነው የሚያሳየን።

እንግዲህ ወደ ሽግግሩ እንምጣ። እ.ኤ.አ. በ2006 በጄኔቫ የዓለም ቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት በጠራው ጉባኤ የአውሮፓ፣ የአፍሪካና የመካከለኛው ምሥራቅ አገሮች ተስማሙ። የአናሎግ ስርጭት የመጨረሻ ቀን ሰኔ 10 ቀን 2007 ዓ.ም. ተባለ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። አናሎግ አየሩን ያባክናል። አንድ የአናሎግ ጣቢያ የሚይዘው ቦታ ላይ በዲጂታል ከ10 በላይ ጣቢያ ይገባል። የሚተርፈው ሞገድ ደግሞ ለሞባይል ኢንተርኔት ይውላል። አገራችን የመረጠችው ዲቪቢ ቲ 2 የሚባለውን አሠራር ነው። ጥሩ ምርጫ ነው፣ ዘመናዊ ነው። ቀኑን በተመለከተ ግን እንደ ብዙ የአፍሪካ አገሮች አልደረስንም። 2007 መጣ፣ አለፈ።

ዲጂታልን አልቃወምም፣ እንዳትሳሳቱ። ለኽምጥኛና ለአዊኛ ሰፋ ያለ ሰዓት ለመስጠት፣ ለትምህርት ለብቻው ቻናል ለመክፈት፣ መስማት ለተሳናቸው ጽሑፍ ለመጨመር ቦታ የሚገኘው በእሱ ነው። ችግሩ ሌላ ነው። ዲጂታል ወይ ጥርት ብሎ ይመጣል፣ ወይ ጨርሶ አይመጣም። መሐል የሚባል ነገር የለውም ማለት ይቻላል። ሞገዱ ከተወሰነ ልክ በታች ሲወርድ ምስሉ ይሰባበራል፣ ይቆማል፣ ድምፁም አብሮት ይሄዳል። ድሮ በጥላና በድምፅ ዜና ይሰማ የነበረው የዳር ቤት ምንም አያገኝም።

ሌሎች እንዴት ተሰናበቱ? ጥቂቱን ላንሳ።

አሜሪካ ቀኑን መጀመሪያ የካቲት 2009 ላይ አድርጋው ነበር፣ በእነሱ አቆጣጠር። መንግሥት አሮጌ ቴሌቪዥን ላለው ቤት ዲጂታሉን ሞገድ የሚቀይርለት ሳጥን መግዣ የ40 ዶላር ኩፖን ይሰጥ ነበር፣ ለአንድ ቤት እስከ ሁለት። ጥር ላይ የተመደበው ገንዘብ አለቀ። ወረፋ የሚጠብቀው ብዙ ሆነ። ቀኑን ወደ ሰኔ 12 ገፉት። ከሁሉ የምወደው ግን አንድ ትንሽ ሕግ ነው። አንዳንድ ጣቢያዎች ከስንብቱ በኋላ እስከ 30 ቀን አናሎጉን እንዳያጠፉ ተፈቀደላቸው። መደበኛ ፕሮግራም አያሳዩም። የሚያሳዩት «ሳጥኑን እንዲህ አድርገህ ግጠም» የሚል መመሪያና የአደጋ ጊዜ ማስታወቂያ ብቻ ነው። የዘገየው ሰው ቴሌቪዥኑን ሲከፍት ባዶ እንዳይቀበለው። ሕፃን እንዳይፈራ ሌሊት እንደሚበራ ትንሽ መብራት ብለው ነው ስም ያወጡለት።

ጃፓን ቀኗ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 24፣ 2011 ነበር። ነገር ግን በዚያው ዓመት መጋቢት የመሬት መንቀጥቀጡና ሱናሚው መጣ። የተጎዱት ሦስቱ ግዛቶች፣ ኢዋቴ፣ ሚያጊና ፉኩሺማ፣ እስከሚቀጥለው መጋቢት ድረስ ጊዜ ተሰጣቸው። የቀረው አገር ቀትር ላይ መደበኛው ዝግጅት ቆሞ ማስታወቂያ ብቻ ቀረ፣ እኩለ ሌሊት ላይ ሞገዱ ጠፋ። ቤቱ ለፈረሰበት ሰው ሳጥን ግዛ አይባልም። ይህን ማሰብ ትልቅ ነገር ነው።

እንግሊዝ በአንድ ቀን አላደረገችውም። እ.ኤ.አ. በ2007 ዋይትሄቨን ከምትባል ትንሽ የባሕር ዳርቻ ከተማ ጀምራ በ2012 ሰሜን አየርላንድ ላይ ጨረሰች። ዕድሜያቸው 75 እና ከዚያ በላይ ለሆነና ለአካል ጉዳተኞች ቤታቸው ድረስ ሄዶ የሚገጥም የእርዳታ አገልግሎት ነበር። የሚመራው የሕዝብ ጣቢያው ቢቢሲ ነው። ልብ በሉ፣ ሳጥኑን መስጠት ብቻ አይደለም። ሰው ይመጣል፣ ሽቦውን ይሰካል፣ ሪሞቱን ለአዛውንቷ ያሳያል፣ ከዚያ ይሄዳል።

ኬንያም አለች፣ ጎረቤታችን። እ.ኤ.አ. በ2015 መጀመሪያ ላይ መንግሥትና ትልልቆቹ የግል ጣቢያዎች ማን ያሰራጭ በሚለው ተጣሉ። አናሎጉ ተዘጋ፣ ጣቢያዎቹም ከአየር ወረዱ። ሕዝቡ ለሦስት ሳምንት ያህል የለመዳቸውን ጣቢያዎች አጣ። የባለቤቶቹን ጠብ ዋጋ የከፈለው ተመልካቹ ነው።

የእኛ ነገር ደግሞ ከሁሉም ይለያል። እዚህ ጣቢያው ተመልካቹን ሳይሰናበት ተመልካቹ ቀድሞ ሄደ። ዲሽ መጣ። እዚህ ጎንደር ፒያሳ ላይ፣ አራዳ ላይ፣ አውቶፓርኮ ላይ የዓሣ አጥንቱ አንድ በአንድ ወረደ፣ ሰሃኑ ተተካ። መጀመሪያ ሰሃኖቹ ናይልሳት ወዳለበት ወደ ምዕራብ፣ ወደ መተማ በኩል ያዩ ነበር። ከዚያ በ2013 ዓ.ም. ገደማ ኢትዮሳት ሲመጣ ብዙዎቹ ዞሩ፤ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ በለሳ በኩል፣ አንገታቸውን ከፍ አድርገው። የዲሽ ሠራተኞች ያን ሰሞን ከጣሪያ ጣሪያ ውለዋል። ኢትዮሳት የሚተላለፍበት ሳተላይት ባለቤት ኤስ ኢ ኤስ የሉክሰምበርግ ኩባንያ ነው። ሉክሰምበርግ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2006 አናሎግን ከዓለም ቀድማ ያጠፋች አገር ናት። ዓለም ትገናኛለች።

ዲሽ ለእኛ አገር ትልቅ መፍትሔ ነው፣ አልክድም። ከጎንደር ወደ ደባርቅ ሂዱና ሊማሊሞን ውረዱ። ያንን ገደል የትኛው የምድር ማሰራጫ ይሻገረዋል? ሳተላይቱ ወደ 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነ ተራራ አያግደውም። ግን ዲሹ ገንዘብ ይፈልጋል። ሪሲቨሩ ገንዘብ ይፈልጋል። ነፋስ ትንሽ ሲያንጋድደው ልጁ ጣሪያ ላይ ወጥቶ አያስተካክለውም፣ ሠራተኛ ተጠርቶ ይከፈለዋል። ክረምት ላይ ዶፉ ሲወርድ ይቋረጣል። የሳተላይቱ ኪራይም በውጭ ምንዛሪ ነው። ስለዚህ የምድር ስርጭት ዛሬም ያስፈልገናል። የሕዝብ ጣቢያ ከራሳችን ተራራ ላይ ተነሥቶ፣ በተራ አንቴና፣ ያለ ክፍያ የሚገባበት መንገድ ሊኖር ይገባል። ዲጂታሉም ቢሆን።

አሁን ወደ ልቤ ነገር ደረስኩ። አናሎግ የቀረበት ቤት የማን ቤት ነው? ዲሽ መግዛት የቻለው ሄዷል። የቀሩት ያልቻሉት ናቸው። ባለ 14 ኢንቹ ቴሌቪዥን ያላቸው፣ ልጆቻቸው ራቅ ብለው የሄዱባቸው አዛውንቶች፤ አንዲት ክፍል ተከራይቶ የሚኖር የቀን ሠራተኛ፤ በገጠር በመኪና ባትሪ ትንሽ ቴሌቪዥን የሚያሠራ ሰው። ቁጥራቸው ትንሽ ስለሆነ ድምፃቸው አይሰማም። ማሰራጫው ሲዘጋ ማንም አይጮህም። «ተመልካች የለውም» ተብሎ ዝም ብሎ ማጥፋት ይቀላል። እኔ ይህን እቃወማለሁ። የሕዝብ ጣቢያ ለመጨረሻው አንድ ተመልካችም ጣቢያው ነው።

ምን ይደረግ ብላችሁ ብትጠይቁኝ ለጎንደር እንዲህ እላለሁ። ቀኑ አስቀድሞ ይነገር፣ አንዴ ከተነገረም አይገፋ። ለጥምቀት ሰሞን አይሁን፣ ከተማው በእንግዳ ተጨናንቆ ማንም ሳጥን የሚገጥምበት ጊዜ የለውም። ክረምትም አይሁን፣ አጨዳም አይሁን። ማስታወቂያው በቴሌቪዥን ብቻ አይቅር። ቅዳሜ ገበያ ይለፈፍ። ከቅዳሴ በኋላ፣ ከጁምዓ ሰላት በኋላ ይነገር። ዕድር ላይ ይነሣ፤ የትኛው ቤት አሮጌ ቴሌቪዥን እንዳለው ከዕድር በላይ የሚያውቅ የለም። ሳጥኑን የሚገጥሙ ወጣቶች ይሠልጥኑ። ዲሽ የሚሠሩት ልጆች ሥራውን ሠርተውበት ያደሩ ስለሆኑ ከእነሱ ይጀመር። አቅም ለሌለው ቤት ሳጥኑ በነፃ ይሰጥ። አናሎጉና ዲጂታሉ ለተወሰኑ ወራት ጎን ለጎን ይሂዱ። በመጨረሻም አሜሪካኖቹ እንዳደረጉት ለአንድ ወር ማስታወቂያ ብቻ የሚያሳይ ስርጭት ይቆይ። ወጪው ከጠቅላላው የማሰራጫ ወጪ ጋር ሲተያይ ትንሽ ነው።

የመጨረሻው ምሽት ራሱ ደግሞ በዓል ይሁን። ጣቢያው ጋዜጠኞቹን ያምጣ፣ ካሜራ የያዙትን፣ ክረምትና በጋ ተራራ ላይ ማሰራጫ ሲጠብቁ የኖሩትን ቴክኒሻኖች ያምጣ። እነዚያ ቴክኒሻኖች በስክሪን ታይተው አያውቁም። ጄኔሬተር ሲበላሽ፣ መብረቅ ሲመታ፣ ሌሊት በብርድ ተነሥተው ያስተካከሉት እነሱ ናቸው። ስማቸው ይጠራ። ከዚያ መዝሙሩ ተዘምሮ ይዘጋ።

ስርጭቱ ሲዘጋ አብሮ መታሰብ ያለበት ካሴቱ ነው። አናሎግ ዘመን የተቀረጸው ሁሉ በፊልምና በማግኔት ክር ላይ ነው ያለው። ዩማቲክ፣ ቤታካም፣ ቤት ውስጥ ደግሞ ቪኤችኤስ። ሶኒ ቤታካም ካሴት መሸጥ ያቆመው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። ማጫወቻዎቹ እያረጁ ነው፣ መለዋወጫ የለም፣ የሚጠግናቸው ሰው ጡረታ ወጥቷል። ዩኔስኮና የድምፅና የምስል ቤተ መዛግብት ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2019 ዓለምን አስጠንቅቀዋል። እ.ኤ.አ. እስከ 2025 ድረስ ያልተገለበጠ ካሴት ከዚያ በኋላ ማጫወት በጣም እንደሚከብድ ነው የተናገሩት። ጥምቀታችን በዩኔስኮ የተመዘገበው በዚያው 2019 ታኅሣሥ ነው። የዛሬ 30 እና 40 ዓመት በፋሲል መዋኛ የተቀረጸው ጥምቀት ግን ያለው ካሴት ላይ ነው። መዝገቡ ተጽፎ ምስሉ ቢሻግት እንዴት ያለ ኪሳራ ነው!

ስለዚህ ቤታችሁ ሳጥን ውስጥ ከቴሌቪዥን የተቀዳ አሮጌ ካሴት ካለ አትጣሉት። ፀሐይና እርጥበት ከማያገኘው ቦታ አቁማችሁ አስቀምጡት። ማጫወቻ ውስጥ ለሙከራ ብላችሁ አትክተቱት፣ የቆሸሸ ማጫወቻ ክሩን ይቆርጠዋል። ላዩ ላይ ዓመቱንና በዓሉን ጻፉ። እዚህ የተማሩ ልጆች አሉ፣ ዩኒቨርሲቲም አለን። ተባብሮ መገልበጥ ይቻላል።

ከታዳሚው ጥያቄ ተነሥቶ ነበር። አንዲት እናት «ልጄ፣ አሮጌውን ቴሌቪዥን ልጣለው ወይ?» አሉኝ። አይ እማማ፣ አይጣሉት። ዲቪቢ ቲ 2 የሚቀበል ሳጥን ከተገኘ አሮጌው ቴሌቪዥን ይሠራል። ከኋላው ቢጫ፣ ነጭና ቀይ ቀዳዳ ካለው በሦስቱ ሽቦ ይገናኛል። ቀዳዳው ከሌለው ደግሞ በአንቴናው መግቢያ የሚገባ ሳጥን ይፈለጋል፣ ሲገዙ ይጠይቁ። አሮጌው አንቴናም በዚያው የሞገድ ክልል ከተሰራጨ ሊያገለግል ይችላል፣ ስለዚህ ሳያስሞክሩ አያውርዱት። ጨርሶ ከተበላሸ ግን ልጆች እንዳይሰብሩት። መስታወቱ ውስጥ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት አለ፣ ውስጡም ከተነቀለ በኋላ ኤሌክትሪክ ይዞ ይቆያል። ጠጋኝ ጋ ይውሰዱት፣ እሱ የሚጠቅመውን ዕቃ ያወጣለታል።